የአሮጌ ጭቃ ቤት ስውር ጉዳት፦ በእድሳት ጊዜ እንዴት ይገኛል?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር አብዛኛው አሮጌ መኖሪያ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በማገርና በጭድ በተቦካ ጭቃ የተሠራ ነው፤ ክዳኑም ቆርቆሮ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገር ከገባ ወዲህ ቶሎ በማደጉና ቀጥ ብሎ በመውጣቱ ጽድንና ወይራን ከቤት ሥራ አስለቅቋል። ጽድና ወይራ ምስጥንና ብስባሴን ለረጅም ዘመን ይቋቋማሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን በተለይ ሳይደርቅና ሳይላጥ ከተተከለ ቶሎ ይጎዳል። ጉዳቱ ደግሞ ለዓይን አይጋለጥም። ቋሚውን ጭቃ፣ ጭቃውን ልስን፣ ልስኑን ቀለም ሸፍኖታል።

እንዲህ ባለ ቤት እድሳት ገንዘብ የሚባክነው ከልስኑ ኋላ ያለው ሳይታወቅ አዲስ ልስን ሲደረብበት ነው። በውስጥ ያለው ጉዳት ሥራውን ይቀጥላል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ክረምት በኋላ አዲሱ ልስን ይፈርሳል፣ ቋሚውም ይበልጥ ይከፋል። ለዚህ መፍትሔው ጉዳቱን በሥርዓት መፈለግ ነው። የአብዛኛው ስውር ጉዳት መነሻ ውሃ ነው፦ እንጨት በሻጋታ የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ ምስጥም ከእርጥብ አፈር ጋር ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ወደ ቤቱ እንጨት ይወጣል። ስለዚህ ምርመራው ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ይካሄዳል፤ መጀመሪያ በማየት፣ ቀጥሎ በማንኳኳት፣ በመጨረሻም ጥቂት ቦታ በመክፈት።

ደረጃ 1፦ ጊዜና መሣሪያ

ምርመራው ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል። የመጀመሪያው በክረምት፣ ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ቤቱ አይነካም፤ ውሃው የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ ብቻ ይመዘገባል። ሁለተኛው ምርመራና ግድግዳውን የመክፈቱ ሥራ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ጊዜ ይሆናል። ይህ ወቅት የጤፍ ጭድ ከአውድማ የሚገኝበትም በመሆኑ ለጥገናው ይመቻል። ለምርጊቱ ደቦ የሚጠራ ከሆነ ምርመራው ከደቦው ቀን ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት፤ ሰው ተሰብስቦ ጭቃው ተቦክቶ ሳለ የተበላ ቋሚ ቢገኝ ሥራው በጥድፊያ ይሸፈናልና።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፦ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ መሮ፣ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተርና ወስፌ። የቤቱ ወለል ሥዕል በወረቀት ላይ ተሥሎ እያንዳንዱ ግድግዳ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የሚገኘው ምልክት ሁሉ በቁጥሩ ይጻፋል።

ጥንቃቄም ከዚሁ ይጀምራል። የአይጥና የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት ኮርኒስ ሲከፈት አቧራው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፤ ኩሱም በደረቁ ከመጠረግ ይልቅ ውሃ ተርከፍክፎበት ይነሳል። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት በደረቁ አይፋቅም፣ ሲሠራበትም ሕፃናት እንዲጠጉ አይደረግም።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ከውጭ መዞር

ምርመራው ከመሬቱ ይጀምራል። ቤቱ በቀይ አፈር ላይ ከሆነ መሬቱ ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል፣ እንቅስቃሴውም ጥቂት ነው። በዋልካ ላይ ከሆነ ግን መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱንም አብሮ ያነሳዋል ይጥለዋል። በዋልካ ላይ ባለ ቤት በየዓመቱ በበጋ የሚከፈትና በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ ካለ መንስኤው መሬቱ ነው፤ በልስን አይድንም።

ቀጥሎ የግቢው ተዳፋት ይታያል። ብዙ አሮጌ ቤት ሲሠራ ከፍ ብሎ የነበረ ወለል፣ ለዓመታት በተጠራቀመ አመድ፣ ጥራጊ፣ እበትና የመንገድ ሙሌት ምክንያት ዛሬ ከግቢው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። የውጭው አፈር ከወለሉ በላይ የወጣበት ግድግዳ ቋሚው መበስበሱ አይቀርም። የሚከተሉት ምልክቶች በሥዕሉ ላይ ይሰፍራሉ፦

• ጠፈጠፉ መሬቱን የቦረቦረበትና ጭቃ ወደ ግድግዳው የረጨበት ቦታ። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ከ50 ሳ.ሜ. ያነሰ ከወጣ ግርጌው ሁልጊዜ ይረጥባል።

• ከመሬት ተነስቶ በግድግዳው ላይ የሚወጣ ጠቆር ያለ የእርጥበት መስመር፣ ወይም ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት።

• ከአፈር ወደ ግድግዳ የሚወጣ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው የአፈር ቦይ። ይህ የምስጥ መተላለፊያ ነው። ጥቂቱ ተሰብሮ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ይታያል፤ ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ሳይጠገን ቢቀርም ወሩን ሙሉ ደግሞ ማየት ይገባል፤ በሌላ መንገድ ሊወጣ ይችላልና።

• ግድግዳ ተደግፎ የተከመረ ማገዶ፣ ጭድ ወይም ኩበት። ለምስጥ መሰላል ስለሚሆን ከምርመራው በፊት ይነሳል።

• ለግድግዳው የቀረበ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ የልብስ ማጠቢያ ቦታ ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ።

ደረጃ 3፦ ጣሪያና ኮርኒስ

ጣሪያ የሚመረመረው በቀትር ነው። በርና መስኮት ተዘግቶ ከውስጥ ወደ ላይ ሲታይ የሚስማር ቀዳዳና የዛገ ቆርቆሮ እንደ ነጥብ ብርሃን ያሳያሉ። ቆርቆሮ በቅርጹ ከፍታ ላይ መመታት ሲገባው በዝቅታው ላይ የተመታ ሚስማር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በድሮ ጣሪያ ሚስማሩ እየላላ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው ቆርቆሮው ጤነኛ መስሎ ማገሩ ይበሰብሳል።

በበጋ ጠዋት በቆርቆሮው ሥር የሚታይ ጠብታ ሁሉ የማፍሰስ ምልክት አይደለም። በቀዝቃዛ ሌሊት የቤቱ እርጥብ አየር ከቆርቆሮው ጋር ሲገናኝ ወደ ውሃ ይለወጣል። መለያው ግልጽ ነው፦ ፍሳሽ በአንድ ቦታ ይወርዳል፤ ላቡ ግን በጣሪያው ሁሉ ይበተናል። ላብ የበዛበት ቤት ከቀዳዳ መድፈን ይልቅ አየር ማስተላለፊያ ይፈልጋል።

ኮርኒስ ካለ መከፈት አለበት። ኮርኒሱ ችፑድ፣ አቡጀዲ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ቢሆንም ሥራው ጣሪያውን ከዓይን መሸፈን ነውና በየክፍሉ አንድ ጥግ ይነሳል። በባትሪ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ጫፍ፣ የማገሩ መጋጠሚያና የኤሌክትሪክ ሽቦው። በክፈፉ በኩል ያለው የወራጅ ጫፍ ከመካከሉ ይልቅ ቶሎ ይበሰብሳል፤ በወስፌ መወጋት ያለበትም እሱ ነው።

ጥላሸት የጠጣ እንጨት ልዩ ትኩረት ይሻል። ምድጃ በቤት ውስጥ በነበረበት ዘመን ጭሱ እንጨቱን እያደረቀ ነቀዝን ያርቅ ነበር። ማድቤቱ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ይህ ጥበቃ ይቀራል። ስለዚህ የተቃጠለ የመሰለው ጥቁር ማገር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሲሆን፣ በኋላ የተጨመረው ነጭ እንጨት ግን በጥቃቅን ቀዳዳ ተበስቶ ዱቄት ሲያፈስ ይገኛል። ልጡ ያልተላጠ ባሕር ዛፍ ካለ ልጡ ተነስቶ ሥሩ ይታያል፤ ነቀዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ ግድግዳውን ሳይከፍቱ መመርመር

ግድግዳ በሦስት መንገድ ይመረመራል። የመጀመሪያው በቱንቢ ነው። ክሩ ከግድግዳው አናት ወርዶ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ያለው ርቀት ይለካል። ግድግዳው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ጥርጣሬው የቋሚዎቹ እግር ላይ ነው፤ መካከሉ ብቻ ካበጠ ማገሩ ተበልቶ ጭቃው ከእንጨቱ ተላቅቋል።

ሁለተኛው በስንጥቅ ነው። በየቋሚው ልክ ቁልቁል የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ጭቃው ሲደርቅ ከእንጨቱ የተለየበት ስለሆነ ብዙ አያሰጋም። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ የመሠረት መስመጥ ምልክት ነው። ከወለል ጥቂት ከፍ ብሎ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ ደግሞ ቋሚዎቹ ከሥር ተቆርጠው ግድግዳው በራሱ ክብደት እየወረደ መሆኑን ያሳያል፤ ከሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው። የስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ ተሰምሮ ቀኑ ይጻፍበታል፤ በመካከሉም ጥቂት ጄሶ ይለጠፋል። ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም።

ሦስተኛው በጆሮ ነው። ልስኑ በመዶሻ እጀታ ከታች ወደ ላይ በየ30 ሳ.ሜ. ይንኳኳል። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ልስን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የተላቀቀው ቦታ በጠመኔ ይከበባል። በሁለት ሜትር ውስጥ ብዙ ክበብ ካለ ያ ግድግዳ የሚከፈት ነው።

በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሲሚንቶ ልስን ያለበት ቤት ከሁሉ በላይ መጠርጠር አለበት። ጭቃ በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮ አይንቀሳቀስም፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ያጣል። ከውጭ ያማረ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ግድግዳ በውስጡ ጭቃው ሊጥ፣ ቋሚው ብስባሽ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ግድግዳውን መክፈት

ኤሌክትሪኩ በደረጃ 7 እንደተገለጸው ከጠፋ በኋላ፣ መጀመሪያ መከፈት ያለበት ትንሽ ነው። 30 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ መስኮት በሚከተሉት ቦታዎች ይቆረጣል፦ በእያንዳንዱ የቤቱ ማዕዘን ግርጌ፣ በዝናብ በሚመታው ግድግዳ ግርጌ፣ ከመስኮት ሥር፣ ከቧንቧ ወይም ከመታጠቢያ ኋላ፣ ጎታ ቆሞ በኖረበት ጥግ። ጎታ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ለዓመታት ሲቆም ኋላው አየር አያገኝም፤ አይጥም ግርጌውን ይሰረስራል።

ልስኑ በመሮ ተነስቶ ጭቃው በእጅ ይወጣል። በመዶሻ መምታት ጤነኛውንም ምርጊት ያላቅቃል። ቋሚው ሲገኝ ከአፈሩ ጥቂት ወደ ታች ይቆፈራል፤ ብስባሴ የሚበረታው አየርና እርጥብ አፈር በሚገናኙበት፣ ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ወደ ላይና ወደ ታች ባለው ቦታ ነውና። ከዚያ ወስፌው በእጅ ግፊት ይገባል። ጤነኛ ባሕር ዛፍ ወስፌን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያስገባል፣ ሲነቀልም ይይዛል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ ተጎድቷል።

በምስጥ የተበላ ቋሚ ሲከፈት መልኩ ያታልላል። ከላይ ወረቀት የሚያህል የእንጨት ቅርፊት ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ሚስማሩም በቦታው ነው። ቅርፊቱ በጥፍር ሲነካ ይሰበራል፤ ውስጡ እንጨት መሆኑ ቀርቶ ምስጡ ተሸክሞ የሞላው ደረቅ አፈር ነው። በዙሪያው ያለው ጭቃ የቋሚውን ቅርጽ እንደያዘ ስለደረቀ ግድግዳው በጭቃው ብቻ ቆሞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ቋሚ ከታየ መቆፈሩ ወዲያው ይቆማል፤ መጀመሪያ ጣሪያው ይደገፋል።

በአንዱ መስኮት ጉዳት ከተገኘ በግራና በቀኝ ያለው ቋሚ ይከፈታል፤ ጤነኛ እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል። ጤነኛው ከተገኘ በኋላ አንድ ተጨማሪ ተከፍቶ ይረጋገጣል። የጉዳቱ ከፍታም በዚሁ መንገድ እየተወጋ ይለካል። በርና መስኮቱ የዋንዛ ከሆነ ግን ቀለሙ ቢያረጅም ተወግቶ ሳይታይ አይጣልም፤ ግድግዳው ተበልቶም እንጨቱ ሊጠገን የሚችል ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 6፦ ወለል

የአፈር ወለል በቀላሉ ይመረመራል፤ ለስላሳና ቀዝቃዛ የሆነው ቦታ ይቆፈራል። ሊሾ ወለል ግን እንደ ልስኑ መንኳኳት አለበት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሥሩ ሰምጧል ወይም አይጥ ቆፍሮታል። ሌሊቱን ተዘርግቶ ባደረ ፕላስቲክ ሥር ጠዋት ጠብታ ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት ይወጣል። ሊሾው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የአፈር ቦይ ካለ ምስጡ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። የሳንቃ ወለል ያለው ቤት ደግሞ ከግድግዳው አጠገብ አንድ ሳንቃ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ወራጅ ይወጋል።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክና ውሃ

ግድግዳ ከመከፈቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው በኋላ ባለው ማቋረጫ ይጠፋል፤ መጥፋቱም በሞካሪ ይረጋገጣል። ቱቦ ሳይኖረው በጭቃ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ፣ በፕላስተር ብቻ የተጠመጠመ መቀጠያ፣ የጠቆረ ሶኬት፣ አይጥ የበላው ሽፋን ከተገኘ ሽቦው በሙሉ ይለወጣል። ከጭድና ከደረቅ እንጨት ጋር የተጠጋ ብልሹ ሽቦ እሳት ያስነሳል። ይህ ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዋል።

የውሃ መስመር ሲሞከር ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው የውሃ ቆጣሪው ይታያል። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈስሳል። በግድግዳ ውስጥ ያለ የዛገ ብረት ቧንቧ ቢያፈስም ባያፈስም በእድሳቱ ጊዜ ወደ ውጭ ቢወጣ ይሻላል፤ የጭቃ ግድግዳ ቧንቧ ማቀፍ የለበትም።

ደረጃ 8፦ ጉዳቱን መመደብ

ምርመራው ሲያልቅ በሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ በሦስት ይከፈላል።

• የላይ ጉዳት፦ ልስን ተላቅቋል፣ እንጨቱ ግን ጤነኛ ነው። ልስን ብቻ ይታደሳል።

• ከፊል ጉዳት፦ የተራራቁ ጥቂት ቋሚዎች ግርጌ ተበልቷል፤ የማዕዘኑ ቋሚና የላይኛው አግዳሚ ደኅና ነው። ቤቱ ቆሞ ይጠገናል።

• የአቋም ጉዳት፦ የማዕዘን ቋሚ ተበልቷል፣ ወይም ተከታታይ ቋሚዎች ሄደዋል፣ ወይም ግድግዳው አግድም ተሰንጥቆ እየወረደ ነው። ነዋሪው ከቤቱ ይወጣል፤ ግድግዳው ፈርሶ ይሠራል።

በከተማ ውስጥ ግድግዳ ማፍረስና መለወጥ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሦስተኛው ምድብ ላይ የደረሰ ቤት ሥራው ሳይጀመር ማመልከቻ ይገባለታል።

ደረጃ 9፦ በቅደም ተከተል መጠገን

ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው ይደገማል፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ምስጡ፣ ከዚያ እንጨቱ፣ በመጨረሻም ጭቃው።

ለውሃው ጣሪያው ይጠገናል፤ የሚቻል ከሆነ ክፈፉ ይረዝማል፣ አሸንዳ ይገጠማል። በውጭ የተከመረው አፈር ከወለሉ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ. ዝቅ እስኪል ይነሳል፤ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቆ ቦይ ይቀደዳል።

ለምስጡ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይጠየቃል። ለእህል ወይም ለማሳ የተገዛ ተባይ ማጥፊያ ሰው በሚተኛበት ግድግዳ ውስጥ መርጨት ነዋሪውን ይመርዛል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ምስጡን ለጊዜው ከማዘግየት አያልፍም፤ ዋናው መከላከያ እንጨትን ከአፈር መለየት ነው።

ለእንጨቱ ወራጁ በጊዜያዊ ምሰሶ ይደገፋል። ምሰሶው ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ይደረግለታል። ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ይሠራሉ፤ ሁለት ጎረቤት ቋሚ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። የተጎዳው ክፍል ከጤነኛው 20 ሳ.ሜ. ያህል ተጨምሮ ይቆረጥና ቀሪው በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ፣ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ከፍ ባለ እግር ላይ ያርፋል፤ በላሜራም ይታሰራል። አዲስ እንጨት ከሆነ የተላጠና የደረቀ መሆን አለበት።

ለጭቃው አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ጭዱ እስኪለሰልስ በየጊዜው ውሃ እየተጨመረ ይሰነብታል። የመጀመሪያው ምርጊት ፈጽሞ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛው ይደረባል። የመጨረሻው ልስን የጭቃና የእበት ወይም የኖራ ቢሆን ግድግዳው እርጥበቱን ያስወጣል። ሲሚንቶ የሚገባው በድንጋዩ ግርጌ ላይ ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ ውልና ወጪ

ከአናጢውና ከግንበኛው ጋር አንድ ድምር ዋጋ ከመዋዋል፣ የታወቀው ሥራ በድምር፣ ግድግዳ ሲከፈት የሚገኘው ደግሞ በቋሚ ቁጥርና በግድግዳ ሜትር ቢታሰብ ክርክር ይቀራል። ከጠቅላላው ወጪ ከ10 እስከ 20 በመቶ ላልታየ ጉዳት ይቀመጣል። የተከፈተ ቦታ ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ባለቤቱም አይቶ ይስማማል። ሥዕሉና ፎቶው ከቤቱ ሰነድ ጋር ይቀመጣሉ። በቀጣዩ ነሐሴና ጥቅምት ቤቱ አንድ አንድ ጊዜ ይዞራል፦ የውሃ ቦዩ አለመደፈኑ፣ በስንጥቁ ላይ ያለው ጄሶ አለመሰበሩና አዲስ የምስጥ ቦይ አለመታየቱ ይረጋገጣል። ሦስቱም ደኅና ከሆኑ ጥገናው ይዟል፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ መመርመር ይበቃል።